የበረሃ ጠረጴዛ ከአሮጌ ኦክ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ እንጨት ነው፤ አንድ ዘመን አገልግሎ ከተጣለ ጠንካራ እንጨት ልጅ የሚያጠናበት፣ አዋቂ የሚሠራበት ጠረጴዛ ስለ ማውጣት። በቅድሚያ ያሰብነው በሰንራይዝ ማነርና በዙሪያው ለምትኖሩ ነው። ሰንራይዝ ማነር ብዙ ሰው ዝም ብሎ “ቬጋስ” ብሎ የሚጠቀልለው ሰፈር ቢሆንም የራሱ ከንቲባ የለውም፤ በክላርክ ካውንቲ ሥር የሚተዳደር፣ ከላስ ቬጋስ በስተምሥራቅ ከፍሬንችማን ተራራ ግርጌ የተዘረጋ፣ በ2020 ቆጠራ 205,618 ነዋሪ የተመዘገበበት ነው። እንጨት ለሚሠራ ሰው የሚኖርበት ቦታ ምን ለውጥ ያመጣል የምትሉ ካላችሁ፣ ከመሣሪያው ጥራትና ከአናጢው እጅ ያልተናነሰ ለውጥ ያመጣል ብዬ እከራከራለሁ። በዚህ ሸለቆ አንድ ጠረጴዛ ዓመታት ሳይወላገድ መቆሙን የሚወስነው እንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ውሃው ከዚህ አየር ጋር ተስማምቶ ከጨረሰ፣ ከዚያም በኋላ እንጨቱ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ከተተወለት፣ ጠረጴዛው ይቆማል። አሮጌ ጠንካራ እንጨት ከአዲሱ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ከአየሩ ጋር ውሃ መለዋወጡን አያቆምም። አየሩ ሲደርቅ ይሰጣል፣ ሲረጥብ ይወስዳል፤ ሲሰጥ ይኮማተራል፣ ሲወስድ ያብጣል። በሰርግ ቤት የላላ ከበሮ እሳት ዳር ተጠግቶ ሲሞቅ የሚጠብቀው በዚሁ ሕግ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1 ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ላስ ቬጋስ የሚደርሳት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጁላይ 7 ቀን 2024 ደግሞ ሙቀቱ 120 ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 49 ሴልሺየስ ደርሶ የከተማዋ ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቧል። በዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ከ1910 ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካ መንግሥት የደን ውጤቶች ቤተ ሙከራ፣ በየከተማው ዝናብ ሳይነካው ከቤት ውጭ የተቀመጠ እንጨት ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ በሰንጠረዥ አውጥቷል። በላስ ቬጋስ ጃንዋሪ ላይ ከደረቅ ክብደቱ 8 በመቶ ተኩል ገደማ ይይዛል፤ ጁን ላይ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። ይኸው ቤተ ሙከራ ለቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ የሚመክረው የእርጥበት መጠን ለአብዛኛው አሜሪካ 8 በመቶ፣ እርጥብ ለሆኑት የደቡብ ባሕር ዳርቻዎች 11 በመቶ፣ እኛ ላለንበት ደረቅ ደቡብ ምዕራብ 6 በመቶ ነው።

ከ11 ወደ 6 የሚወስደው የ5 በመቶ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ወደ ሜትር እንለውጠው። 70 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው፣ ከቀይ ኦክ ጣውላ የተገጣጠመ የጠረጴዛ ገበታ እናስብ፤ ጣውላው እንደ አብዛኛው ገበያ ላይ እንዳለው በጠፍጣፋው የተሰነጠቀ ይሁን። ቀይ ኦክ በዚህ አቅጣጫ በእያንዳንዱ አንድ በመቶ የእርጥበት ለውጥ የወርዱን ከሺህ ሦስት እጅ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። አምስቱ በመቶ ሲያልቅ ገበታው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ጠቧል ማለት ነው። በቁመቱ ግን ምንም አላለም ቢባል ይሻላል፤ እንጨት በክሩ አቅጣጫ የሚያጥረው ከቁጥር አይገባም። መከራው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ገበታው በወርዱ ሲጠብ፣ ከሥሩ በወርዱ የተጋደመው አግዳሚ ግን ክሩ በቁመቱ ስለሚሄድ አይጠብም። ሁለቱ በቪት ወይም በኮላ ድርቅ ብለው ከተያያዙ አንዱ ሊሄድ ይጎትታል፣ ሌላው አልለቅም ይላል። በመጨረሻ ከጣውላዎቹ አንዱ በመሐሉ ይሰነጠቃል። ባለቤቱም “እንጨቱ መጥፎ ነበር” ይላል። እንጨቱ የተፈጥሮውን ነው ያደረገው።

ይህን ከተቀበልን አሮጌ እንጨት ለምን እንደሚሻል ማሳየት አይከብድም። ከትልልቆቹ የግንባታ ዕቃ መደብሮች የሚገዛው የጥድ ሞራሌ ለቤት ግድግዳ የታሰበ ነው፤ “ደረቅ” ተብሎ ማኅተም ሲመታበት እስከ 19 በመቶ ውሃ እንዲይዝ ይፈቀድለታል። በርካሽነቱ ተስቦ የጠረጴዛ እግር ያደረገው ሰው፣ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ እግሩ ተጣሞ መሬት ሳይረግጥ ያገኘዋል። በምድጃ የደረቀ አዲስ ጠንካራ እንጨት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ በጣም የተሻለ ነው፤ ከ6 እስከ 8 በመቶ ድረስ ደርቆ ነው የሚወጣው። ነገር ግን በመጋዘንና በጉዞ መልሶ ይወስዳል፤ ዋጋውም ሌላ ነገር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አዲስ ጣውላ ውስጡ ምን እንደያዘ አልተናገረም። ዛፉ ቆሞ ሳለ ንፋስና ተዳፋት ያስጨነቁት ግንድ ያንን ውጥረት ይዞ ይቆያል፤ ሲሰነጠቅና ሲደርቅ ነው የሚያወጣው። ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለገለ ጣውላ የሚሰነጠቀውን ተሰንጥቆ፣ የሚጣመመውን ተጣሞ ጨርሷል። ገና ሲገዛ በዓይን ይታያል፤ ቀጥ ብሎ የቆየውን መርጦ፣ የከፋውን እዚያው መተው ይቻላል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሳል፤ እንጨት ሲያረጅ ይበሰብሳል፣ አቅሙን ያጣል የሚል። ዕድሜ ብቻውን እንጨት አያበሰብስም። የሚያበሰብሰው ሻጋታ ነው፤ እሱም ከ20 በመቶ በታች እርጥበት ባለው እንጨት ላይ ሥራውን አይሠራም። ከላሊበላ ወጣ ብሎ በዋሻ ውስጥ የታነጸውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው ማስረጃውን አይቷል። ግድግዳው እንጨትና በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተደራረበ የተሠራ ነው፤ ከ800 ዓመት በላይ አልፎት ወጋግራው ዛሬም ይሸከማል። ዝናብ አያገኘውማ። የኔቫዳ በረሃ ለእንጨት ከዚያ ዋሻ የከፋ መጠለያ አይደለም። በረሃ የማይከለክለው ነቀዝን ነው። ደረቅ ጠንካራ እንጨት የሚበላ ጥንዚዛ አለ፤ ምልክቱ የመርፌ ቀዳዳ የሚያክሉ ክብ ቀዳዳዎችና ጣውላው ሲመታ የሚረግፍ በጣም የደቀቀ ብናኝ ነው። ብናኙ ነጣ ያለና ትኩስ ከሆነ ነቀዙ ገና በሕይወት አለ፤ ያንን ጣውላ ቤት አታስገቡ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል፤ በአናጢዎችም ዘንድ የተለመደ ነው። “አሮጌ እንጨት ሞቷል፣ ከእንግዲህ አይንቀሳቀስም” ይላሉ። ይህ የእኔን ክርክር የሚደግፍ ቢመስልም ልቀበለው አልችልም። መቶ ዓመት ያለፈው ኦክም ቢሆን አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጠብባል። የአሮጌ እንጨት ጥቅሙ ከዚህ አየር ጋር አስቀድሞ መታረቁ ነው፤ ያም የሚሠራው እዚሁ ሸለቆ ለቆየው ብቻ ነው። በሰንራይዝ ማነር ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። ቆየት ባሉት ቤቶች ጣሪያ ላይ አሁንም ውሃ እያተነነ የሚያቀዘቅዘው ስዋምፕ ኩለር ይታያል። እሱ ያለበት ቤት በበጋ ውስጡ እርጥብ ነው፤ ኤርኮንዲሽን ያለው ጎረቤት ቤት ግን ደረቅ ነው። በሁለት ተጎራባች ቤቶች ያለ አንድ ዓይነት ጠረጴዛ አንዱ ጁላይ ላይ ያብጣል፣ ሌላው ይጠብባል። ስለዚህ በአሮጌነቱ ተማምኖ ገበታውን ድርቅ አድርጎ ማሰር አያዋጣም። በቤት ውስጥ የ3 በመቶ ወቅታዊ ለውጥ ብቻ ቢኖር እንኳ፣ ያ 70 ሴንቲ ሜትር ገበታ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ይመጣል።

እንጨቱስ ከየት ይመጣል? ሸለቆው የኦክም የሜፕልም ደን የለውም። እዚህ ያለው ጠንካራ እንጨት ሁሉ በባቡር ወይም በጭነት መኪና ከሩቅ የመጣ ነው፤ ብዙዎቻችሁም በየቀኑ ሳታስተውሉት ትረግጡታላችሁ። በትሬለር ሥራ ላይ የተሰማራችሁ አድማጮች የጫናችሁበትን ወለል ልብ ብላችሁ እዩት። የተዘጋ ትሬለር ወለል በአሜሪካ በአብዛኛው ቀጫጭን የኦክ ቁራጮች ጎን ለጎን በኮላ ተጣብቀው የተሠራ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጣውላ ነው። የሹካ ማንሻ መኪና ከነጭነቱ እንዲገባበት ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ለአንድ ኮምፒዩተርና ለጥቂት መጻሕፍት አያንስም። ትሬለር ሲያረጅ ወይም ወለሉ ሲጠገን ይህ ጣውላ ይነቀላል። ሁለት ነገር ማየት ያስፈልጋል። ቁራጮቹ ጫፍ ለጫፍ የሚገናኙት በመንጠቆ ቅርጽ ነው፤ መጋጠሚያው ከመሐሉ ክፍል ደካማ ስለሆነ ከእግር እስከ እግር ባዶውን በሚቆየው ቦታ ብዙ መጋጠሚያ የተደረደረበትን ጣውላ አትምረጡ። በተጨማሪም ትሬለሩ ምን ሲጭን እንደኖረ ጠይቁ፤ ዘይት ወይም ኬሚካል ጠጥቶ የጠቆረውን ተዉት። የመርከብ ኮንቴይነር ወለል ከዚህ የተለየ ነው። እሱ በነፍሳት መከላከያ መድኃኒት የተነከረ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ለልጅ ጠረጴዛ አይሆንም።

ሁለተኛው ምንጭ የቦውሊንግ መጫወቻ ነው። የድሮው የቦውሊንግ መንገድ፣ ኳሱ የሚለቀቅበትና ዒላማዎቹ የሚቆሙበት ቦታ ከሜፕል፣ መሐሉ ከጥድ የተሠራ ነው፤ ጠባብ ጣውላዎች በጎናቸው ቆመው አንዱ ከሌላው ጋር በሚስማር ተመትተዋል። መጫወቻዎቹ ወደ ሰው ሠራሽ ወለል ሲዞሩ አሮጌው እየተቆረጠ ለገበያ ወጣ። ውበቱ ሌላ ነው፤ ሚስማሩ ግን መጋዝ ይጨርሳል። ሦስተኛው፣ ቬጋስን ቬጋስ ያደረገው፣ የሆቴሎች መፍረስ ነው። ዱንስ በ1993፣ ሳንድስ በ1996፣ ስታርደስት በ2007፣ ሪቪዬራ በ2016፣ ትሮፒካና ደግሞ በኦክቶበር 2024 በፈንጂ ወርደዋል። ሆቴል ሲዘጋ የውስጥ ዕቃው ለሕዝብ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ለሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ድርጅት የሚለገሱ የግንባታ ዕቃዎችም ሪስቶር በሚባለው መደብሩ ይሸጣሉ። በምናለሽ ተራ ላደገ፣ የቆራሌውን ጥሪ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። በአዲስ አበባ ከፈረሰ ቤት የወጣ የዋንዛ በር ጨረታ ሳያስፈልገው ገዢ ያገኛል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ የአሮጌው ዋጋ የበለጠ ገብቶናል።

ይሁንና ከሆቴል የወጣ ጠረጴዛ ሁሉ እንጨት አይደለም። አብዛኛው ችፑድ ሲሆን ላዩ እንደ ወረቀት በሳሳ የእንጨት ልባጥ የተሸፈነ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ጣውላውን አዙሮ የተቆረጠውን ጫፍ ማየት። እውነተኛ ጣውላ ከሆነ ላዩ ላይ የሚታየው መስመር ጫፉ ላይ ሲደርስ ታጥፎ የዛፉ ዓመታዊ ቀለበት ክፋይ ሆኖ ይቀጥላል፤ ኦክ ከሆነም በቀለበቶቹ መካከል በዓይን የሚታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደረደራሉ። በልባጥ ከተሸፈነ ግን መስመሩ ጠርዙ ላይ ድንገት ይቋረጣል፤ ጫፉ ላይ የተለጠፈውም ሌላ መስመር ያለው ሌላ ቁራጭ ነው። ክብደቱ አያታልላችሁ፤ ችፑድም ይከብዳል።

ከጤና አንጻር የሚነሳው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፤ አቅልዬ አላልፈውም። አሮጌ እንጨት አሮጌ መርዝ ሊይዝ ይችላል። እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም በአሜሪካ የታገደው በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ በርም መደርደሪያም ቢሆን ሳይመረመር በደረቁ አይፋቅም፤ ብናኙ ሕፃናትን ይጎዳል። መመርመሪያው በመደብር ይሸጣል፤ እርሳስ ከታየ ደግሞ እንጨቱን መተው ነው እንጂ መድፈር አያስፈልግም። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ለግቢ አጥርና ለበረንዳ የተሠራ እንጨት እስከ 2003 ድረስ በአርሴኒክ ይነከር ነበር። የባቡር ሐዲድ ተሸካሚ ግንድ በክሬዮሶት የተነከረ ነው፤ ላስ ቬጋስ በ1905 የባቡር ከተማ ሆና ስለተቆረቆረች እንዲህ ያለ ግንድ አሁንም በየግቢው ጥግ ይገኛል፤ ለአበባ መደብ እንኳ ባይሆን እመርጣለሁ። ከጭነት መደርደሪያ፣ ከፓሌት፣ የሚወጣ ኦክ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ከአገር አገር የተጓዘ ከሆነ ማኅተሙን ፈልጉ። ኤች ቲ የሚል ከሆነ መሐሉ 56 ሴልሺየስ ደርሶ ለ30 ደቂቃ የሞቀ ነው፤ ኤም ቢ የሚል ከሆነ በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ይቅር። ንጹሕ የሆነው እንጨት ብናኝም ቢሆን ለሳንባ አይበጅም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ኤን 95 ጭንብል አድርጎ ክፍት ቦታ መሥራት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ሚስማሩን ማግኔት እየሳቡ መፈለግ፣ በጉጠት መንቀል፣ የማይወጣውን በመዶሻና በቀጭን ብረት ወደ ማዶ ማሳለፍ ነው። ከኦክ ሚስማር ሲነቀል በቀዳዳው ዙሪያ በክሩ አቅጣጫ የተዘረጋ ሰማያዊ ጥቁር መስመር ይታያል። ብስባሽ መስሏቸው የሚደነግጡ አሉ። ኦክ ቆዳ በሚለፋበት ዓይነት ታኒን የተሞላ ነው፤ ታኒኑ ብረትና እርጥበት ሲያገኝ ይጠቁራል። ጥፍር ተጭኖ የማይሰጥ ከሆነ እንጨቱ ጤነኛ ነው። መስመሩን በመላጊያ ለማጥፋት መታገል ውፍረት ማባከን ይሆናል፤ በእኔ አስተያየት መተው ይሻላል፣ ያምራልም።

አሁን ወደ ሥራው። ጣውላው መጀመሪያ ጠረጴዛው በሚቆምበት ክፍል ውስጥ ይግባ፤ ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን ክፍል ውስጥ። በጣውላና ጣውላ መካከል ቀጫጭን እንጨት ገብቶ አየር ይዙርበት፣ ሦስትና አራት ሳምንት ይቆይ። የእርጥበት መለኪያ ያለው 6 በመቶ አካባቢ መድረሱን ይይ፤ የሌለው አንድ ቁራጭ በወጥ ቤት ሚዛን በየጥቂት ቀኑ ይመዝን፣ ክብደቱ መለወጥ ሲያቆም እንጨቱ ከቤቱ ጋር ተስማምቷል። ከዚያ ጣውላዎቹ በመላጊያ ይስተካከላሉ፣ በስኳድራ ይረጋገጣሉ፣ ጎን ለጎን በኮላ ተጣብቀው በሞርሳ ይታሰራሉ። የበጋ ቀትር ላይ ጋራዥ ውስጥ ኮላ መቀባት አይሞከር፤ ደረቁ እንጨት ውሃውን ይመጠዋል፣ ሙቀቱ ላዩን ያደርቀዋል፣ መጋጠሚያው ሳይታሰር ያልቃል። ማለዳ ነው ሰዓቱ።

መወላወልን የሚከለክለው ገበታው አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ማዕቀፍ ነው። አራቱን እግሮች የሚያያይዙት አግዳሚዎች ሰፋ ያሉ ይሁኑ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ አግዳሚው በሰፋ መጠን ከእግሩ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ይረዝማል፣ ጠረጴዛው ሲገፋ የሚቋቋመውም በዚያ ርዝመት ነው። የአግዳሚውን ጫፍ አቅጥኖ ምላስ ማውጣት፣ እግሩን በመሮ ፈልፍሎ ምላሱን ማስገባት፣ ከተፈለገም በሽብልቅ ማጥበቅ፤ ይህ አያያዝ ኮላው ቢደክም እንኳ አይለያይም። ገበታው በማዕቀፉ ላይ ሲቀመጥ ከአግዳሚው ውስጥ በቪት ይያዛል፤ በወርዱ በተጋደሙት አግዳሚዎች ላይ ግን የቪቱ ቀዳዳ ክብ መሆኑ ይቀርና በገበታው ወርድ አቅጣጫ ይርዘም፣ ከቪቱ አንገት በእያንዳንዱ ወገን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ይኑረው። ከቪቱ ራስ ሥር ሰፊ ቀለበት ይግባ፣ በጣም አይጥበቅ። የፊተኛው ጠርዝ ላይ ያሉት ቪቶች ብቻ በክብ ቀዳዳ ይታሰሩ፤ እንቅስቃሴው ሁሉ ወደ ግድግዳው ወገን ይሄዳል፣ ማንም አያየውም። ኮላ እዚህ ቦታ አይነካም።

“የብረት ማዕዘን በቪት ብመታስ?” የሚል ይኖራል። ብረት ጥሩ ነው፤ ክብ ቀዳዳው ነው ችግሩ። ቀዳዳው ረዘም ተደርጎ የተሠራ ማዕዘን ከተገኘ ሙሉ የብረት እግር ላይም ገበታውን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ምላስና ጉድጓድ መፈልፈል ለማይችል ሰው እንዲያውም ይህን እመክራለሁ። የገበታው ላይና ታች ግን እኩል ዘይት ወይም ቫርኒሽ ይቀባ። ላዩን ብቻ አሳምሮ ታቹን ራቁቱን የተወ ሰው፣ ታቹ ከላዩ ቀድሞ ውሃ ስለሚሰጥና ስለሚወስድ ገበታው ይጎብጥበታል። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ አይጣል። ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፣ በበጋ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል፤ ተዘርግቶ ውጭ ይድረቅ ወይም ክዳን ባለው ጣሳ ውሃ ውስጥ ይግባ።

የጊዜው ነገር ደግሞ አለ። አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ይዞ ወይም ካዚኖ ውስጥ ቆሞ የዋለ ሰው ቅዳሜና እሑዱን ለመላጊያ ይስጥ ማለት ቀላል አይደለም፤ የችፑድ ጠረጴዛ በካርቶን መጥቶ በአንድ ሰዓት ይገጠማል። ተቃውሞው ትክክለኛ ነው፤ ለአንድ ዓመት ብቻ ለሚፈለግ ጠረጴዛ ችፑዱን ግዙ። ለረጅም ጊዜ ከሆነ ግን ስሌቱ ይለያል። ኦክ ለመጉበጥ ያለው ግትርነት ከችፑድ አምስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ግትርነት ደግሞ ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር ስምንት እጥፍ ያድጋል። 3 ሴንቲ ሜትር የሆነው የትሬለር ኦክ ከ1.6 ሴንቲ ሜትር ችፑድ ጋር በተመሳሳይ ርዝመት ሲነጻጸር ከሠላሳ እጥፍ በላይ ግትር ነው። ችፑድ መጻሕፍት ሲደረደሩበት ቀስ እያለ ይሰረጉዳል፣ ቪቱ አንድ ጊዜ ከላላ መልሶ አይነክስም፣ ቡና ከፈሰሰበት ያብጥና አይመለስም። ኦኩ ሲበላሽ ይላጋል።

ክብደቱ የመጨረሻው ቅሬታ ነው፤ 1.4 ሜትር ርዝመት ያለው ገበታ ብቻውን 20 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ ተከራይ ሆኖ ቤት የሚቀያይር ደግሞ ብዙ ነው። መልሱ አጭሮቹን አግዳሚዎች ከእግራቸው ጋር በኮላ ማያያዝ፣ ረጅሞቹን ግን በብሎን ማሰር ነው፤ ጠረጴዛው ለሁለት ጎኖች፣ ለሁለት አግዳሚዎችና ለአንድ ገበታ ይፈታል፣ በአንድ ሚኒቫን ይሄዳል። ወደ ሲያትል ለሚሄድ ግን አየሩ ይገለበጣል፤ በረሃ ላይ 6 በመቶ የነበረው ኦክ እዚያ ውሃ መውሰድ ይጀምራል፣ ገበታውም ይሰፋል። እዚያ የመጀመሪያው ክረምት ካለፈ በኋላ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱ ቪት ከረጅም ቀዳዳው የትኛው ጫፍ አጠገብ እንደቆመ ማየት ነው፤ ጫፉን የነካ ካለ ቪቱን ፈትቶ ቀዳዳውን በዚያ ወገን ጥቂት ሚሊ ሜትር ማርዘምና መልሶ ማሰር ይበቃል።